መብራት ሄዶ ሲመጣ

ሳጥኗ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም፣
ስድሳ አራት ሜጋ እንጂ ከዚያ በላይ አትውጥም።
ቤርሳቤህ፣ ከጋራዦቹ ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ማን እንደሚገባ።
በወሩ መጨረሻ ዓረባ በረሃ ትወርዳለች፣ ከተምር ግንድ ልትታሰር፣
ውሃ ልትከፍት፣ ውሃ ልትዘጋ፣ በአርባ ስድስት ዲግሪ ልትኖር።

ኢታማር «ኡቡንቱ ይሁን» አለ፤ «ሁሉም ነገር ሞልቶለታል።»
መሙላቱንስ ሞልቷል፤ ዝሆን ግን በጓዳ በር መች ይገባል?
ላሪሳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣
«ዮክቶ ነው፣ ከባዶ እንገንባው» አለች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ጥላ፤
«ትርፍ ክር አይገባበትም፣ ሁሉም በልኩ ይሰፋል።»
ልክ ናት። ግን ኮምፒውተሩ ሲገነባው አድሮ ሲገነባው ያረፍዳል፤
አንዲት መስመር በነካን ቁጥር ማራገቢያው እንደተነካ ቀፎ ይጮኻል።
አልፓይንንም ሞከርነው፤ ላባ ነው፣ ግን ከሌላ ቤት የመጣ፤
የቆጣሪው ፋብሪካ የላከው ፕሮግራም «አላውቅህም» ብሎት ወጣ።
እኔ ደግሞ ለደቢያን አደላለሁ፤ የቆየ ወዳጅ ነው፣ አልደብቅም፤
ሲዘገይ አይቻለሁ፣ ሲከዳኝ ግን አላውቅም።
እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄደ። ሳጥኗ ባዶ፣ እኛ ሙሉ።

አባቴ፣ በወጣትነቱ ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ዛሬ የነቬ ዜኤቭ ጡረተኛ፣
ለሰንበት እራት ስሄድ ሰምቶ ሰምቶ ጠየቀኝ እንደ ዳኛ፦
«ዋጋቸውስ?»
«ሁሉም ነፃ ናቸው፣ አባ፤ ሳንቲም አይከፈልበት።»
«እና ምን ያጣላችኋል፣ ነገሩ ነፃ ከሆነበት?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ውስጣቸውስ? ብረቱስ?»
«ብረቱማ አንድ ነው፤ ሁሉም ውስጥ ያለው ሊኑክስ።»
«እንግዲያ እንደ ማረሻ ነው» አለ፤ «ብረቱ አንድ፣ አፈሩ ብዙ፤
ሄዳችሁ መሬቱን ሳትረግጡ፣ በነፃም ቢሆን አትግዙ።»

ሰኞ ወረድን፣ ሁለት ሰዓት መንገድ፣ ጨው የለበሰ ሜዳ አቋርጠን፤
ኦቫድያ የሚባል ተምር ገበሬ ከጥላ ሥር ተቀበለን።
ስለ ፓኬጅ አልጠየቀም፣ ስለ ስሪት አልጠየቀም፣
ስማችንንም በቅጡ አልያዘም።
የአሮጌውን ሳጥን ክዳን ገለጠ፤ እንሽላሊት ደርቃበታለች፣
ጅራቷ ሽቦ ላይ እንደተጠመጠመ ቀርታለች።
«እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል።
ያቻምና በነሐሴ ይኼ እየጻፈ ሳለ ጠፋበት፤ ሲመጣ አልተነሳም፣ ራሱን ረስቷል።
ሚስቴ ልትወልድ፣ ሦስት ቀን ኤይላት ሆስፒታል ነበርኩ፤
ስመለስ አርባ ችግኝ እንደ ገለባ ቆጠርኩ።
የእናንተውስ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል?»

ማንም አልመለሰም።
ኢታማር ጫማውን አየ።
ላሪሳ መነጽሯን አወረደች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጭቅጭቁ መልኩን ለወጠ፤
«የትኛው ይበልጣል?» ቀረና «የትኛው ይነሳል?» በለጠ።
ዋናው ክፍል ይነበብ እንጂ አይጻፍበት፤ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ይተኛ፣
አንዱ ቢሞት ሌላው ይንቃ፣ እንደ ዘብ ተረኛ።
ሥር የሚሉት እዚያ ሁለት ነው፦ አንዱ በጨው ውስጥ ውሃ ይፈልጋል፣
ሌላው በይለፍ ቃል ይቆለፋል።
በመጨረሻ ቢልድሩት ሆነ፣ በሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ ማንም ያላነሳው፣
ደረቅ፣ ቁጥብ፣ ዘበናይነት የሌለው፣ በዘጠኝ ሰከንድ የሚነሳው።
ደቢያንን ላፕቶፔ ላይ አስቀረሁት። ቅር አላለውም።

ያን ሌሊት ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤
እስከ አራት መቶ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ቁጥሩን ረሳሁ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀትር፣ ከኦቫድያ መልእክት፦ «መብራት ሄደ።»
እጄ ላይ የነበረው ዳቦ እዚያው ቀረ።
ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ «መጣ።»
ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዘጠኝ ቆጠርኩ፣ ደግሞ ዘጠኝ።
ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈልኝ።